ከዘመነ በር ትይዩ የተሰቀለው ጣሳ

ወረታ መናኸሪያ አጠገብ፣ ዘመነ ታፔላ በሚሠራበት ሱቅ ውስጥ፣ ከበሩ ጀርባ አንድ ምስማር ነበረ። ምስማሩ ላይ የቲማቲም ጣሳ ተንጠልጥሏል። አፉ የዛገ፣ ወረቀቱ ተልጦ ያለቀ፣ እጀታው ከሽቦ የተጠማዘዘ ጣሳ። ብርጭቆዎቹ ከጀሪካኑ ጎን በሰሐን ላይ ተደፍተው ይቀመጣሉ። ዘመነ ይጠጣባቸዋል፤ ደንበኛ ይጠጣባቸዋል፤ ባጃጁን አቁሞ ውኃ የሚለምን ሾፌርም ይጠጣባቸዋል። ጣሳው ግን የእማዋይሽ ነው። የእማዋይሽ ብቻ።

«ይህ ያንቺ ነው» ብሎ የነገራት የለም። መንገር ምን ያስፈልጋል? እናቷ አምሳል ቁሐር ሚካኤል ዳር ሸክላ እየሠራች ነው ያሳደገቻት። የዚያ አገር ሰው በአምሳል ጋን ጠላውን ይጠምቃል፣ በአምሳል ድስት ወጡን ይሠራል፣ በአምሳል እንስራ ውኃውን ይቀዳል። ከአምሳል ጋር ግን በአንድ ዋንጫ አይጠጣም። እጇ ያበጀውን ዕቃ ከንፈሩ ላይ ሲያደርግ ምንም አይለውም፤ እጇ የነካውን ብርጭቆ ሲያይ ያንገሸግሸዋል። ዓይኗን ይፈራል፤ ቡዳ ናት ይላል። ይህን ባህል ነው የሚሉ አሉ። ባህል አይደለም፤ ነውር ነው። ዕድሜው ስለረዘመ የተከበረ ነውር።

እማዋይሽ ዘመነ ዘንድ የገባችው በእጇ ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ እናቷ ገና ባልደረቀ ገንቦ አንገት ላይ በስንጥር ጌጥ ስታወጣ አብራ ታወጣ ነበር፤ እርጥብ ጭቃ ላይ የለመደ እጅ ደግሞ ቀለም ላይ አይንቀጠቀጥም። ትምህርቷን ጨርሳ ሥራ ስትፈልግ ዘመነ አንድ ላሜራ ሰጥቶ «ፋርማሲ» ብላ እንድትጽፍ አደረጋት። ጻፈች። ጠጋ ብሎ አየውና «ነገ ነይ» አላት።

እውነት ለመናገር አስተምሯታል። ላሜራን በአሸዋ ወረቀት መፈግፈግ፣ ፀረ ዝገት መቀባት፣ ጠመኔ በተነከረ ክር መስመር መምታት፣ ፊደሉን በእርሳስ ነድፎ በብሩሽ መሙላት ከእሱ ተማረች። ዲዛይን የሚባለውን ግን አላስነካትም። ኮምፒዩተሩ ከውስጠኛው ክፍል በፎጣ ተሸፍኖ ይቀመጣል። የት ቦታ ምን እንደሚያርፍ፣ የቱ ፊደል እንደሚገዝፍ፣ የቱ ቀለም ከየትኛው እንደሚጋባ የሚወሰነው እዚያ ነው።

«ጋሽ ዘመነ፣ ኮምፒዩተሩንስ መቼ ነው የሚያሳዩኝ?» አለችው አንድ ቀን።

«ኮምፒዩተር እንደ ጭቃ የሚለወስ መሰለሽ?» አለ። ሱቁ ውስጥ የነበሩት ደንበኞች ሳቁ። ዘመነም ሳቀ። ከዚያ ውኃ ቀድቶ ለሁሉም በብርጭቆ አደለ።

እሷ የሠራችውን ታፔላ ሁሉ ከታች ጥግ ላይ «ዘመነ» ብሎ ይፈርምበታል። ሰውም «ዘመነ እጁ ተባርኳል» ይላል። ዘመነም አንገቱን ሰበር አድርጎ ምስጋናውን ይቀበላል። ዓመታት እንዲህ አለፉ፤ እሷም ቻለች። ምን ታደርግ?

መቻሏ ያላዳናት ባየህ ወተት ቤት የከፈተ ጊዜ ነው። ባየህ የሚያልባት ጥቁርና ነጭ ዥጉርጉር የፎገራ ላም ነበረችው፤ ከእሷ የበለጠ የሚወደው ነገር አለ ብሎ የሚያምን ሰው ወረታ ውስጥ የለም። ታፔላው ላይ ራሷ እንድትሣልለት ፈለገ። ዘመነ እማዋይሽን ላከ። እማዋይሽም ሄዳ ከበረቱ ፊት ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ላሚቱን ስታጠና ዋለች፤ አንገቷ ሥር የሚንጠለጠለውን ቆዳ፣ የአፍንጫዋን ርጥበት፣ ዝንብ ሲያርፍባት ጆሮዋን የምትመታበትን መንገድ። ታፔላው ሲሰቀል ሰው መንገድ ላይ ቆመ። ላሚቱ ከላሜራው ላይ ሆና ታያቸዋለች፤ በየትኛውም በኩል ቢያልፉ ታያቸዋለች።

«ይኸውልህ!» አለ ዘመነ መዳፉን ዘርግቶ። «በዚች እጄ ነው!»

ብዙም ሳይቆይ ላሚቱ ነጠፈች። አንዱ ጡቷ አብጦ ወተቱ ተቋረጠ። ባየህ ዱላውን ይዞ ከሱቁ በር ላይ ቆመና «ማን ነው ይህችን ላም የሣላት?» ብሎ ጮኸ።

ዘመነ ለማሰብ ጊዜ እንኳ አልፈጀም። «እኔ ፊደሉን ነው የጻፍሁት» አለ። «ላሚቱን የሣለቻት እሷ ናት። የማን ልጅ እንደሆነች ታውቃለህ። ቀኑን ሙሉ አፍጥጣ ስታያት ዋለች አሉ፤ እኔ ምን ላድርግህ?»

ልብ በሉ። ያን ሁሉ ዓመት ከሠራችው ሥራ አንዱን እንኳ «የእሷ ነው» ብሎ አያውቅም። ስሟን የሰጣት ያን ቀን ነው፤ ሥራው ምስጋና ማምጣቱን ትቶ ዱላ ያመጣ ቀን።

ታፔላው ወርዶ መጣ። ዘመነ ጥቁር ቀለም ነክሮ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ የላሚቱን ዓይን አጠፋው። አንዱን፣ ከዚያ ሌላውን። ብሩሹን ጠርጎ ወደ እማዋይሽ ዞረና «ነገ እንዳትመጪ» አላት።

እማዋይሽ አላለቀሰችም። ከበሩ ጀርባ ሄዳ ጣሳውን ከምስማሩ አወረደችው።

«ውሰጂው» አለ ዘመነ። «ሌላ የሚፈልገው የለም።»

ባሕር ዳር ስትገባ ከልብሷ ሌላ የያዘችው እሱን ነው። ጠዋት ጠዋት የግራፊክስ ዲዛይን ማሠልጠኛ ትማራለች፤ ከሰዓት በኋላ አንድ ሆቴል ጓዳ ብርጭቆ ታጥባለች። ነጋዴው፣ ቱሪስቱ፣ ሙሽራው፣ ሁሉም እጇ ባጠበው ብርጭቆ ጠጥቶ ሄደ። የሞተ የለም። የታመመም የለም። እያጠበች ይህን ታስባለች፤ ባሰበችው ቁጥር ንዴቷ ይበርዳል ስትል ይብሳል። እዚህ ምንም ያልሆነው ነገር እዚያ ለምን አንገቷን አስደፋት?

አስተማሪዋ ንግሥቲ ትባላለች። ማተሚያ ቤት ውስጥ ስትሠራ የሸበተች፣ መነጽሯን በግንባሯ ላይ የምትሰቅል፣ ተማሪ ስታሞግስ ታይታ የማታውቅ ሴት ናት። ከእሷ ዘንድ እማዋይሽ በማውስ መስመር ማጠፍ ተማረች። ፊደል ከስንት ርቀት እንደሚነበብ፣ ቢጫ ላይ ጥቁር ለምን እንደሚጮህ፣ ቀይ ላይ ሰማያዊ ለምን ዓይን እንደሚያደክም፣ ባዶ ቦታ የተረሳ ቦታ እንዳልሆነ ተማረች። ዘመነ በፎጣ የሸፈነው ምስጢር ይህ ነበር እንግዲህ፤ ማንም ቁጭ ብሎ የተማረ ሰው የሚይዘው ነገር።

የመጨረሻው ሥራቸው ለገዛ ሱቃቸው ታፔላ መንደፍ ነበር። እማዋይሽ በደሏን ሁሉ ጻፈችበት። የሰው ሥራ የማይሰረቅበት፣ ሰው ከሰው የማይለይበት፣ ዋሾ የማይፈርምበት፣ የሠራ በስሙ የሚጠራበት ቤት፤ ከወረቀቱ ጫፍ እስከ ጫፍ ሞላችው።

ንግሥቲ መነጽሯን አወረደች። «ይህ ታፔላ ነው ወይስ ክስ?»

«ክስ ነው።»

«ጥሩ። እኔ ባጃጅ ውስጥ ነኝ፤ ባጃጁ እየበረረ ነው።» ወረቀቱን አንስታ በእማዋይሽ ፊት ሽው አድርጋ አሳለፈችው። «ምን አነበብሽ?»

«ምንም።»

«ተበዳይዋ አንቺ፣ ጸሐፊዋ አንቺ፣ አንቺ እንኳ አላነበብሽውም። ሰውየው ከዚህ ሁሉ ምንም አይሰማውም እኮ፣ እታለም። አንድ ነገር ብቻ አስቀሪና ሌላውን አጥፊው። ስታጠፊው ካላመመሽ ገና አላጠፋሽም።»

እማዋይሽ ከማሠልጠኛው ላፕቶፕ ተውሳ ቤቷ ሄዳ አጠፋች። አንዱን ዐረፍተ ነገር ስታጠፋ ሌላው ይጮህባታል፤ እሱንም ታጠፋለች። በመጨረሻ ስክሪኑ ነጭ ሆነ። ቀና ስትል ጠረጴዛው ላይ እርሳሶቿን የያዘው ጣሳ ፊት ለፊቷ ቆሟል።

በማግስቱ ንግሥቲ ያየችው ነጭ መደብ ላይ አንድ ጥቁር ምስማርና ከምስማሩ የተንጠለጠለ ዝገት የመሰለ ቀይ ጣሳ ነው። የጣሳው አፍ ጥቁር፣ ባዶ። ከሥሩ «እማዋይሽ ታፔላ» ይላል፤ ሌላ ቃል የለውም።

«ምንድን ነው?» አለች ንግሥቲ። እማዋይሽ ነገረቻት። ሴትዮዋ መነጽሯን መልሳ ግንባሯ ላይ ሰቀለች። ከዚያ «የሚያውቀው ይቃጠላል፤ የማያውቀው ይጠይቃል» አለች። «ስቀይው።»

ሰቀለችው። ሌላ ቦታ አይደለም፤ ወረታ ተመልሳ፣ ከዘመነ በር ትይዩ፣ አስፋልቱን ተሻግሮ በተከራየችው ሱቅ ግንባር ላይ፣ ቅዳሜ ገበያ በቆመበት ሰዓት። ዘመነ ወጥቶ አየው። ወደ ውስጥ ገባ። ተመልሶ ወጥቶ አየው።

የወረታ ሰው መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ተወ፤ እንዲህ ያለ ጣሳ በየቤቱ፣ ከየበሩ ጀርባ፣ ከየጓዳው ጥግ እንዳለ ያውቃላ! የማያውቁት፣ ከጎንደር የሚመጡ መንገደኞች፣ «ምንድን ነው ይህ?» ብለው ይጠይቃሉ፤ የጠየቁትም ከአስፋልቱ ማዶ ያለው በር ይጠቆማቸዋል። ባጃጅ ነጂዎች ፌርማታውን ሰየሙት፤ «ጣሳው ጋ ወራጅ አለ?» ይላሉ። የዘመነ የገዛ ደንበኛ ስልክ ደውሎ «ሱቅህ የቱ ጋ ነበር? አዎ፣ አዎ፣ ከጣሳው ፊት ለፊት» ይለዋል። ሱቁ የገባ ሁሉ ዓይኑን ከበሩ ጀርባ ይልካል። ዘመነ ምስማሩን ነቀለው፤ ቀዳዳው ቀረ። ቀዳዳው ላይ የግድግዳ የቀን መቁጠሪያ ሰቀለ፤ ሰው ቀን የሚያይ መስሎ መቁጠሪያውን ገለጥ አድርጎ ቀዳዳውን ያያል።

ሥራውም ወደ ማዶ ተሻገረ። የእማዋይሽ ታፔላ ከሩቅ ይነበባል፤ ይህን የሩዝ ፈልፋዩም የመድኃኒት ሻጩም አየው። በሱቋ ውስጥ ጀሪካኑ አጠገብ ብርጭቆዎች ደርድራለች፤ ለገባ ሁሉ ውኃ ትቀዳለች። «አልጠማኝም» የሚለውን ታውቀዋለች። ሥራውን ትሠራለታለች፤ ፊቱን ግን አትረሳም።

እናቷ አምሳል አንድ ቀን ከቁሐር መጥታ ከታፔላው ሥር ቆመች። አንጋጣ ብዙ አየችው።

«እጀታው ጠማማ ነው» አለች።

«ዘመነ የሠራው ጠማማ ነው፣ እማ።»

«እንዲያ ከሆነ ጥሩ አድርገሽ ነው የሣልሽው» አለችና ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። እማዋይሽ እናቷን ወረታ መሐል ስትስቅ ያየችው ያን ቀን ነው።

ፍልሰታ ጾም ገባ። የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳውን ዋጠው፤ ከቁሐር ሚካኤል ወዲህ ውኃና ሰማይ ብቻ ነው የሚታየው። ዝናብ ሲወርድ በዋለበት በአንዱ ቀን ዘመነ ሽማግሌ ይዞ አስፋልቱን ተሻገረ። አንደኛው አያ እንግዳው ናቸው፤ በወረታ ያላስታረቁት ባልና ሚስት፣ ያልዳኙት ድንበር የለም። ሁለተኛው ባየህ ነው፤ የላሚቱ ባየህ። ዝናብ ሊያስጥሉ የገቡ ሰዎች በሩን ሞልተው ቆሙ፤ ወይም ዝናቡን ምክንያት አደረጉ።

«ልጄ እማዋይሽ» አሉ አያ እንግዳው፣ በዘንጋቸው ወለሉን ነካ አድርገው። «ያለፈው አለፈ። ይህ ሰው ቤተሰብ አለው። እንጀራው ሊዘጋበት ነው። ስለ ሚካኤል ብለሽ ይህን ነገር አውርጂው።»

«አወርደዋለሁ» አለች።

ሽማግሎቹ ተያዩ። ለረጅም ክርክር ተዘጋጅተው ነበር የመጡት።

እማዋይሽ ከመደርደሪያው ጣሳውን አነሣች፤ ያንኑ ጣሳ። እርሳሶቹን አውጥታ በሳሙና አጠበችው፤ ሁለት ጊዜ አለቀለቀችው። ውስጡ ውኃ ሲቆምበት የኖረበት የዝገት መስመር አለ። እስከ መስመሩ ሞላችው።

«ጋሽ ዘመነ ከዚህ ይጠጡ። ዛሬውኑ አወርደዋለሁ። ግን እናንተ ሽማግሎች ናችሁ፤ ከእናንተ ይጀመር። አያ እንግዳው፣ ይቅመሱ።»

አያ እንግዳው ጣሳውን አዩ። «ጾም ነው እኮ፣ ልጄ።»

«ቅዳሴ ከወጣ ቆየ። አሁን ከሻይ ቤት ሲወጡ አይቼዎታለሁ።»

«ሻይ… ሻይማ ትኩስ ነው» አሉ አያ እንግዳው። ከበሩ አካባቢ አንዱ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት አስነጠሰ።

ባየህ ተነሣ። ጣሳውን ከእጇ ወስዶ እስኪጨርሰው ድረስ ጠጣውና አፉን በእጅጌው ጠረገ። «ውኃ ነው» አለ ለሰው ሁሉ። «ሌላ ምንም የለበትም። ደግሞ ስለ ላሚቱ አንዴ ልናገር። የጡት በሽታ ነበር። ሐኪሙ ወጋት፣ ዳነች፣ ይኸው ዛሬም እያለብኋት ነው።»

በሩ ላይ የቆሙት ጠጋ ጠጋ አሉ።

«መቼ ነው የዳነችው፣ አያ ባየህ?» አለች እማዋይሽ።

«አንቺ በሄድሽ… በዚያው ሰሞን።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ምነው ዝም አሉ?»

«ማን ጠየቀኝ?» አለ፤ ከዚያ መሬት መሬት አየ። «አፈርሁ መሰለኝ። ታፔላውንም መልሰሽ እንድትሠሪልኝ ልጠይቅሽ ነበር።»

«ዓይኗን ትልቅ አድርጌ ነው የምሥላት። ጥግ ላይም ስሜን እጽፋለሁ።»

«ጻፊው።»

እማዋይሽ ጣሳውን እንደገና እስከ ዝገቱ መስመር ሞልታ ወደ ዘመነ ዘረጋችው። ዘመነ በሁለት እጁ ተቀበለ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ጣሳውን አነሣ፣ አፉ ላይ ደገነው፣ ማንቁርቱ አንዴ ወጣ ወረደ። ከዚያ ፈጥኖ አወረደና «ይኸው! ጠጣሁ!» አለ።

«ተመስገን!» አሉ አያ እንግዳው። «ይኸው ነው እርቅ!» በሩ ላይ ከቆሙት ሴቶች አንዷ እልል ልትል አፏን ከፈተች።

እማዋይሽ ወደ ጣሳው ውስጥ አየች። ያን መስመር ዓመታት ሙሉ በየቀኑ አይታዋለች። ውኃው መስመሩ ላይ ነው። አንድ ጠብታ አልጎደለም።

ጣሳውን ከዘመነ እጅ ወስዳ ለባየህ ሰጠችው። ባየህ አየና ጣሳውን መልሶ ለዘመነ አቀበለው።

«አልጠጣህም» አለው።

«ጠጥቻለሁ!»

«እንግዲያው ድገመው። አሁን እያየንህ።»

የዘመነ እጅ ጣሳውን እንደያዘ ቀረ። ሱቁ እየሞተ መሆኑን ያውቃል፤ አንድ ጉንጭ ውኃ ብቻ እንደሚያድነው ያውቃል። ባየህ አሁን ጠጥቶ ከጎኑ በደኅና ቆሟል። ዘመነ ጣሳውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ልጆች አሉኝ» አለ ቀስ ብሎ።

ለዘረፋም ለውሸትም ያልሰጋው ሰው ለልጆቹ የሰጋው ከእሷ ውኃ ነው! እማዋይሽ ልታዝንለት ትችል ነበር፤ ሰውየው ከልቡ ፈርቷል። አላዘነችለትም። እሷም የሰው ልጅ ነበረች፤ እናቷ ያንን ሁሉ ዘመን ማን አዘነላት?

«በሉ ደኅና ዋሉ» አለች። ዘመነ በዝናቡ ውስጥ አስፋልቱን ተሻገረ። አያ እንግዳው ጥቂት ተቁነጠነጡ፤ ከዚያ ዘንጋቸውን ይዘው ወጡ። ባየህ ቆይቶ ሌላ ውኃ ጠየቀ፤ በብርጭቆ ቀዳችለት።

በማግስቱ ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ወጣች። እማዋይሽ መሰላሉን ግንቡ ላይ አስደግፋ ወጣች። ሰው «ልታወርደው ነው» እያለ ተሰበሰበ። ማዶ ዘመነ በሩ ላይ ወጥቶ ቆመ፤ አንገቱን አስግጎ፣ ተስፋ እንዳለው ሰው።

እማዋይሽ ሰማያዊ ቀለም ነው ይዛ የወጣችው። ጥቁር የነበረውን የጣሳውን አፍ ሞላችው፤ ከዳሩ ላይ እንደ ብርሃን ያለች አንዲት ነጭ መስመር ሳበችበት። ትናንት በሩ ላይ ለነበረ ሰው ማስረዳት አላስፈለገም። ጣሳው ሙሉ ነው፤ አልተጠጣም።

ከመሰላሉ ስትወርድ ማዶ ያለው በር ሲዘጋ ሰማችው። ብሩሿን በነዳጅ እያጠበች ሳለ አንድ ባጃጅ ከመናኸሪያው በኩል እየከነፈ መጣና ሾፌሩ ፍሬኑን ረግጦ፣ ወደ ኋላ ዞሮ ተጣራ።

«ሙሉው ጣሳ ጋ፣ ወራጅ አለ?»